የመጨረሻዋ አኃዝ

ሜዲካል ኮደር ነኝ። ሥራዬ የማላውቃቸውን ሰዎች በሽታ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ቡናዬን አፈላና ኮምፒውተሬ ፊት እቀመጣለሁ። ሐኪሞች የጻፉትን ቻርት አነባለሁ፤ ለእያንዳንዱ በሽታ አይሲዲ-10 ከሚባለው መዝገብ ኮዱን እፈልጋለሁ፤ ኮዱ ወደ ኢንሹራንስ ይሄዳል። እናቴ በሕይወት ሳለች "ሥራሽ ምንድን ነው?" ስትለኝ ማስረዳት አቅቶኝ "ጸሐፊ ነኝ" አልኳት። "የማን ጸሐፊ?" አለችኝ። የሐኪሙ ልበላት? የሆስፒታሉ? የኢንሹራንሱ? ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ መልስ ያለኝ ይመስለኛል። መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ራስ ምታት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቻርት ደረሰኝ። የማን እንደሆነ መናገር ሕጉም ሕሊናዬም አይፈቅዱልኝም፤ ዕድሜውንም ከተማውንም እተወዋለሁ። ሐኪሙ የጻፈው ጥቂት መስመር ነበር፦ ሥር የሰደደ ክላስተር ራስ ምታት፤ ቬራፓሚል ተሞክሯል፤ ሊቲየም ተሞክሯል፤ ፕሬድኒሶን ተሞክሯል፤ ለውጥ የለም፤ ክትትሉ ይቀጥል። ለዚህ በሽታ ሁለት ኮዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጂ44.021 ሥር ሰድዶ ለሕክምና አልበገር ያለው ነው። ጂ44.029 ሥር የሰደደው፣ ግን "አልበገር ብሏል" ያልተባለለት ነው። የሚለያቸው የመጨረሻዋ አኃዝ ናት፤ 1 ወይም 9። ሐኪሙ ሦስት መድኃኒት ዘርዝሮ "አልበገር ብሏል" የምትለውን ቃል አልጻፋትም። ቃሏ ከሌለች ደንቡ ወደ 9 ይወስደኛል። ኮደር እንጂ ሐኪም ስላልሆንኩ ከመድኃኒት ዝርዝር ተነስቼ ፍርድ መስጠት አልችልም።

ጣቴ ግን 1 ላይ ቆማ ነበር። ይህን በሽታ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው። ታላቅ ወንድሜን ከልጅነቴ ጀምሮ "ወንድም ጋሼ" ነው የምለው። ሕመሙ የጀመረው በሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ኅዳር ሲገባ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እንደተቀሰቀሰ ሰው ብድግ ብሎ ይወጣል። በኅዳር ሌሊት ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጥላል፤ እሱ ግን ጋቢውን ጥሎ በሸሚዝ ብቻ ግቢውን ይዞራል። የቀኝ ግንባሩን ቀዝቃዛው የቆርቆሮ በር ላይ ለጥፎ ይቆማል፤ መቆሙም አልሆን ሲለው ደግሞ ይዞራል። ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ያነባል፤ ሽፋኑ ይወርዳል፤ ቀኝ አፍንጫው ይፈሳል። ግራው ደረቅ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ እንደ መጣ ይለቀዋል። ያኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ጋቢውን አምጥቼ አለብሰዋለሁ።

ያላደረግነው የለም። ምች ነው ተብሎ በዳማ ከሴ ታሸ። ብርድ ነው ተባለ። ሳይነስ ነው ተባለ፤ በእኛ አገር ፊት አካባቢ የሚያም ነገር ሁሉ ስሙ ሳይነስ ነው። ሁለት መንጋጋ ጥርሱ ተነቀለ። መነጽር ተገዛለት። ኋላም ኤምአርአይ ተነሣና "ምንም የለብህም" ተብሎ ተመለሰ። እናቴ ሰዓቱን አስተውላ ነበር። ከደብሩ የሰዓታቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ሕመሙ በሚነሣበት ሰዓት ነው። "ጸሎት ሲጀመር የሚነሣ ምንድን ነው?" ብላ ደነገጠች። ጸበል ገባ፤ ሁለት ሱባኤ ተቀመጠ። ጥር መጨረሻ ላይ ሲተወው ድኗል ብለን ስለታችንን አገባን። በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ በዚያችው ሰዓት ተመለሰ። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ በጥር መተዉንም ተወው።

በጸበል የዳኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ በዚያ አልከራከርም። ውስጤ የቀረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ነገር ተሞክሮ ባልሠራ ቁጥር የወንድሜ ፊት ይለወጥ ነበር። ጥፋት እንደተገኘበት ሰው አንገቱን ይደፋል። አንድ ሌሊት ጋቢውን ሳለብሰው "እኔ ምን አድርጌ ነው እቱ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለታመመ ሰው የምንለው "እግዜር ይማርህ" ነው። ለበደለም የምንለምነው ይህንኑ ምሕረት ነው። አንድ ግስ ሁለቱንም ተሸክሟል። በዚህ ግስ ውስጥ ትልቅ ርኅራኄ አለ፤ ታማሚውን ከሰው እጅ አውጥቶ ለማይሰለች አምላክ ያስረክበዋል። አደጋም አለበት። ምሕረት የሚለመንለት ሰው ሳይታወቀን ጥፋተኛ ይመስለናል። መድኃኒት እምቢ ሲል ጥርጣሬያችን ከመድኃኒቱ ወደ ሰውየው ይሻገራል፤ አልበገር ያለው በሽታው መሆኑ ይቀርና ታማሚው ራሱ ይሆናል። ይህ የደብረ ብርሃን ሰው ጥፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖቹ ሐኪሞች በቻርታቸው "ታማሚው ቬራፓሚልን ወደቀ" ብለው ይጽፋሉ፤ ተማሪ ፈተና እንደሚወድቅ። መድኃኒቱ ነው የወደቀው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የሚጥለው ሰውየውን ነው። የእኛ አማርኛ በዚህ በኩል ይሻላል። አመመኝ፣ ፈለጠኝ፣ ወጋኝ እንላለን፤ አድራጊው ሕመሙ ነው፣ ሰውየው የተደረገበት ነው።

የኢዮብ ወዳጆች ይህን ስህተት ሠርተዋል። መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደግ ነበሩ። የከፉት ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቈጣው በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በአስረጂዎቹ ላይ ነው። ታዲያ አብሮ ዝም ማለት ብቻ ካልበቃ፣ ማስረዳትም ካልሆነ፣ ሌላው ሰው ሲያመው ምን ማድረግ ይገባናል? ሕመሙ እኔ ውስጥ የለም፤ ልገባበትም አልችልም። ቶማስ እንኳ የሚዳስሰው ቁስል ነበረው። የወንድሜ ሕመም ግን የሚዳሰስ ቁስል የለውም፤ ምስሉም "ምንም የለም" ይላል። የማላየውንና የማይሰማኝን የሌላ ሰው ሕመም ማመን ማለት ምን ማለት ነው?

መልሱን የሰጠኝ ወንጌልን እንደ ኮደር ማንበቤ ነው። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ በነበረው ሰው ስም። ዮሐንስ ስለ እሱ የጻፈውን ተመልከቱ። ቦታው ከነአምስቱ መመላለሻ ተጽፏል። ጊዜው ተጽፏል፤ 38 ዓመት። የተሞከረውና ያልተሳካበት ምክንያትም ተጽፏል፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው የለውም፤ ሌላው ይቀድመዋል። ማርቆስ ደግሞ ደም ስለሚፈሳት ሴት ከዚህም አብልጦ ጻፈ፦ 12 ዓመት፤ ብዙ ሐኪሞች፤ ያላትን ሁሉ ጨረሰች፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ይህ ለሕክምና አልበገር ያለ በሽታ የተሟላ ማስታወሻ ነው። ዘመኑ፣ የተሞከረው፣ ውጤቱ፣ ወጪው ሳይቀር አለ። ሴቲቱ ላይ አንድም የወቀሳ ቃል የለበትም።

ከዚህ ታሪክ በጣም የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጌታ የምትሞት ልጅ ለማዳን እየተጣደፈ ነበር። ሴቲቱ ልብሱን ነክታ ድናለች፤ ጉዳዩ አልቋል። እሱ ግን ሰልፉን ሁሉ አቁሞ "ማን ነው?" አለ፤ እሷም እየተንቀጠቀጠች እውነቱን ሁሉ እስክትነግረው ድረስ ቆመ። ከዳነች ለምን ጠየቃት? እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ 12 ዓመት ማንም ቆሞ ያልሰማው ነገር አለና፣ ያም ፈውስ ያስፈልገው ነበር።

ሐቁን ላለመደበቅ፣ መጻጉዕን ከፈወሰው በኋላ ዳግመኛ እንዳይበድል እንዳስጠነቀቀው አውቃለሁ። ሕመምና ኃጢአት ፈጽሞ አይገናኙም ብዬ አልሰብክም። ነገር ግን ይህን የተናገረው ልብን የሚያውቀው ነው፤ ያውም ካዳነው በኋላ። ስለ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ "ማን በደለ?" ሲሉ እሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ጥያቄያቸውን ዘጋ። ለእኛ የተተወልን ማን በደለ የሚለው አይደለም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ የቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ አይደለም። በ1745 እ.ኤ.አ. ጌራርድ ቫን ስዊተን የሚባል፣ ኋላ የንግሥተ ነገሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪም የሆነ ሰው፣ ስለ አንድ ጎልማሳ በላቲን ጻፈ። ሰውየው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ከግራ ዓይኑ በላይ ይመታው ነበር፤ ዓይኑ ከጉድጓዱ ተገፍቶ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ሊያብድ ይደርሳል፤ ከሰዓታት በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ሐኪሙ ለበሽታው ስም አልነበረውም። "ክላስተር" የሚለው ስም የመጣው ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ነው፤ ዘለላ እንደማለት፣ ሕመሙ ተከታትሎ በዘለላ ስለሚመጣ። የዚያን ጎልማሳ ስም አናውቅም፤ የትኛው ዓይን እንደሆነና ሰዓቱን እንደማይስት ግን እናውቃለን። በሽታውን ዛሬ የምንለይለት አንድ ሰው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ስለጻፈ ነው።

እኔ ለሥራዬ ስማር የዓለም አቀፉን የራስ ምታት ማኅበር መስፈርት አነበብኩ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሦስተኛ ዕትም። ቢያንስ አምስት ጊዜ የደረሰ፤ በአንድ ወገን ዓይን፣ ከዓይን በላይ ወይም ጆሮ ግንድ አካባቢ እጅግ የከፋ ሕመም፤ ካልታከመ ከ15 እስከ 180 ደቂቃ፤ በሁለት ቀን አንዴ እስከ በቀን ስምንቴ። በዚያው ወገን የሚቀላና የሚያነባ ዓይን፣ የሚፈስ አፍንጫ፣ የሚወርድ ሽፋን። ወይም ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አለመቻል። እዚህች ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ማይግሬን የያዘው ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ይተኛል፤ ክላስተር የያዘው ይዞራል። እናታችን የርኩስ መንፈስ ምልክት ነው ብላ የፈራችው የግቢው መዞር መስፈርት ሆኖ ተጽፏል። ሰዓት አክባሪነቱም ምክንያት አለው። በ1998 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በተሠራ የአንጎል ምስል ጥናት፣ ሕመሙ ሲነሣ ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ሲሠራ ታየ፤ የእንቅልፋችንንና የንቃታችንን ሰዓት የሚጠብቀው ክፍል ነው።

ያኔውኑ ስልክ ደወልኩ።

"ወንድም ጋሼ፣ ደብተር ግዛ።"

"የምን ደብተር?"

"ሲመጣ ሰዓቱን ጻፍ፤ ሲሄድም ሰዓቱን። የትኛው ዓይን እንደሆነ፣ ምን እንደዋጥክ፣ የዋጥከው ምን እንዳደረገልህ።"

ጥቂት ዝም አለ። "ይኼ በቁጥር የሚገባ ነገር አይደለም እቱ።"

"አውቃለሁ። ሕመሙን አትጻፍ፤ ሰዓቱን ጻፍ።"

ሁለት ወር ጻፈ። ገጾቹን በስልክ ፎቶ እያነሣ ይልክልኝ ነበር። አንዱ እንዲህ ይላል፦ ኅዳር 12፣ 8፡10 ገባ፣ 9፡05 ወጣ፣ ቀኝ። ከሥሩ፦ ኅዳር 21፣ ሁለት ጊዜ፣ ቀኝ፣ ለንግሥ አልሄድኩም። እንግዳ እንደሚመዘግብ ዘበኛ "ገባ፣ ወጣ" እያለ ነው የጻፈው። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የነርቭ ሐኪም ደብተሩን ተቀብሎ ገለጠ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀና ብሎ "ሲነሣብህ ትተኛለህ ወይስ ትዞራለህ?" አለው። "እዞራለሁ።" "ይህ ክላስተር ይባላል" አለው። ወንድሜ ያን ቀን ማታ ደውሎ "በሁለቱም ዓይኔ አለቀስኩ" አለኝ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ወንድሜ አልደበቀም፤ ለሁላችንም ነግሮናል። ያልጻፍነው እኛ ነን።

ድኗል አልልም። የልብ ምርመራ እየተደረገለት ቬራፓሚል ይወስዳል፤ በሌሊት ሁለት ጊዜ ይመጣ የነበረው በሳምንት ሁለቴ ሆኗል። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል፣ በደቂቃ 12 ሊትር፣ ለ15 ደቂቃ መሳብ ብዙዎችን ያሳርፋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ኦክስጅን ከተሰጠባቸው ጊዜያት 78 በመቶው ላይ ሕመሙ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለቀቀ ወይም በቂ እፎይታ ተገኘ፤ ተራ አየር ሲሰጥ 20 በመቶው ላይ ብቻ። እንዲያም ሆኖ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ የመንግሥት ጤና ኢንሹራንስ ከ2011 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕመም ቤት ውስጥ የሚወሰድ ኦክስጅን የሚሸፍነው ጥናት ውስጥ ለገቡ ታማሚዎች ብቻ ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በመስከረም 2021 ነው። መታመን ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያሳጥረው የተጻፈ ነገር ነው።

አሁን ጣቴ 1 ላይ ወደቆመችበት ቀን ልመለስ። የማላውቀውን ታማሚ በወንድሜ ዓይን አየሁት፤ አዘንኩለት። ብጽፈው ማን ያውቃል? አሰብኩና ጣቴን አነሣሁ። ያልተጻፈን ቃል በርኅራኄ መጨመር የሐሰት ምስክርነት ነው። የእኔ ቁጥር በእንባ የሚገፋ ከሆነ በገንዘብም ይገፋል፤ ያኔ በእውነት አልበገር ያለበት ሰው ቁጥር ማንም አያምነውም። ምሕረት እውነትን አልፎ ሲሮጥ የሚጎዳው ምሕረት የሚያስፈልገውን ነው።

በእኛ ሙያ ኩዌሪ የሚባል ነገር አለ፤ ለሐኪሙ የሚላክ የጽሑፍ ጥያቄ። ደንቡ ጥብቅ ነው። "እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ" ማለትም፣ ስለ ክፍያ ማንሣትም አይቻልም። ስለዚህ በቻርቱ ላይ ያለውን ብቻ ዘርዝሬ፣ በሐኪሙ ሙያዊ ፍርድ ሕመሙ ለሕክምና የሰጠው ምላሽ ምን እንደሆነ እንዲገልጽ ጠየቅሁ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ሐኪሙ እያንዳንዱን መድኃኒት በስንት ሚሊግራም፣ ለስንት ሳምንት፣ ለምን እንደቆመ ጻፈ። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚነሣበት ጻፈ። የአውሮፓ የራስ ምታት ፌዴሬሽን በ2014 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው መለኪያ ሦስት ተገቢ መከላከያ መድኃኒቶች ተሞክረው፣ አሁንም በሳምንት ቢያንስ ሦስት ከባድ ጊዜ የሚነሣ ከሆነ ነው፤ የእሱ ማስታወሻ ይህን ያሟላ ነበር። መጨረሻ ላይ ቃሏን አስቀመጣት። እኔም 1 ጻፍኩ። ኢንሹራንሱ ይክፈል አይክፈል አላውቅም፤ ለእኔ የሚታየኝ እስከዚያ ድረስ ነው።

ሰው ቁጥር አይደለም የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ልክ ናቸው። ግን ይህ የቁጥር መዝገብ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። መነሻው በ1893 እ.ኤ.አ. ዣክ በርቲዮን ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሚቆጠረው የሞተ ሰው በሽታ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ተረክቦ ባወጣው ስድስተኛ ክለሳ ነው በሕይወት ያሉ ታማሚዎች በሽታ የተካተተው። ክላስተር ገዳይ በሽታ አይደለም። በሟቾች ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ወንድሜና እሱን የመሰሉት የሚቆጠሩት በሕይወት ሳሉ የሚጽፍላቸው ከተገኘ ብቻ ነው።

እናቴ ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ የታማሚው ጸሐፊ ነኝ እላታለሁ። የሌላውን ሕመም ማመን ማለት እንደ እሱ መታመም አይደለም፤ ያንን ማንም አይችልም። የነገረንን ሳንጨምርና ሳንቀንስ፣ ከነሰዓቱ፣ ለሌላ ሰው ማድረስ ነው። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እናንተም ቤት በተወሰነ ሰዓት ተነሥቶ የሚዞር ሰው ካለ "ምን አድርጎ ነው?" አትበሉ። "እግዜር ይማርህ" በሉትና በማግስቱ ደብተር ግዙለት።